ሰውነት ማጎልመሻን የሴቶች ሙያ ያደረገችው ስዊድናዊት፦ ስለ ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ታሪክ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ረጅም ስም ብቅ ይላል፤ ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ። ስሟን የሰማ ጥቂት ነው። የእጇን ሥራ ግን ሳያውቅ የሚያውቀው ብዙ ነው። ሴቶች ኔትቦል (ከቅርጫት ኳስ የወጣ፣ ኳሱ በእጅ እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ጨዋታ) ሲጫወቱ ያየ፣ ሽንሽን ያለው እጅጌ አልባ የተማሪ ቀሚስ በፊልም ላይ የተመለከተ ሰው የሥራዋን ጫፍ ነክቶታል። ከዚህ በታች ብዙ ጊዜ የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማርቲና ማን ናት?

በደቡብ ስዊድን፣ ስኮኔ በሚባለው የእርሻ አገር፣ ሃማርሉንዳ በተባለ ቦታ በ1849 ተወለደች። ከገበሬ ቤተሰብ ናት። በወጣትነቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች አስተምራለች፤ ቀጥሎ በስዊድንኛ ይዘጋጅ በነበረ ትልቅ ኢንሳይክሎፒዲያ ሥራ ላይ ተሰማርታለች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል፣ በ1879፣ ስቶክሆልም ወዳለው ንጉሣዊ ማዕከላዊ የጂምናስቲክ ተቋም ገባች። ሁለት ዓመት ተምራ በ1881 ጨረሰች፤ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ሥራ ያዘች።

የቤት አስተማሪነቷን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። በዚያ ዘመን የተማረች፣ ያላገባችና ሀብት የሌላት ሴት ልትበላው የምትችለው እንጀራ በአብዛኛው ይኸው ነበር፤ በሰው ቤት ከአገልጋዩ ከፍ፣ ከቤተሰቡ ዝቅ ብሎ መኖር።

ስዊድናዊቷ እንግሊዝ ምን ወሰዳት?

በ1870 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የትምህርት ሕግ በየከተማው የትምህርት ቤት ቦርዶችን አቋቋመ። የለንደኑ ቦርድ ከሁሉም ትልቁ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በድሃ ሠፈር ልጆች ተጨናንቀው ነበርና ወንዶቹን የሰልፍ ልምምድ ማሠራት ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ጡረታ የወጣ ወታደር ቀጥሮ «ግራ፣ ቀኝ» ማስባል ነው። ሴቶቹስ? ቦርዱ መልሱን ከስዊድን ፈለገ። መጀመሪያ ኮንኮርዲያ ሎፍቪንግ የተባለች ስዊድናዊት መጣች፤ ከእሷ ቀጥሎ ማርቲና በሴቶችና በሕፃናት ትምህርት ቤቶች የሰውነት እንቅስቃሴ የበላይ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች።

ብልሃቷ ልጆቹን አንድ በአንድ ለማሠልጠን አለመሞከሯ ላይ ነው። መምህራኑን አሠለጠነች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,300 በላይ የሚሆኑ መምህራን በእጇ አለፉ፤ እነሱ ደግሞ በየክፍላቸው ያሠሩ ነበር። ዘዴው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። አዳራሽ ከሌለ ኮሪደር፣ ኮሪደር ከሌለ በሁለት ዴስክ መካከል ያለችው ቦታ ትበቃለች።

«የስዊድን ጂምናስቲክ» የሚባለው ምንድን ነው?

ዛሬ ጂምናስቲክ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አየር ላይ የሚገለበጥ አትሌት ነው። ያ አይደለም።

መሥራቹ ፐር ሄንሪክ ሊንግ (1776–1839) ገጣሚም የሻሞላ መምህርም ነበር። ክንዱ ላይ የነበረበት ሕመም በሻሞላ ልምምድ እንደተሻለው ይነገራል፤ ከዚያ በመነሣት እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። በ1813 ስቶክሆልም ላይ ማዕከላዊውን ተቋም ከፈተ። ትምህርቱን በአራት ከፈለው፤ የትምህርት ቤት፣ የውትድርና፣ የሕክምና እና የውበት ጂምናስቲክ። ሴቶች በይፋ መማር የቻሉት በ1864 ነው፤ ማርቲና ስትገባ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

የሊንግ መርሕ በአጭሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ መነሻ አቋም አለው፣ መድረሻ አለው፣ ምክንያት አለው። መነሻ አቋሞቹ አምስት ናቸው፤ መቆም፣ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ መተኛትና መንጠልጠል። «ለምን ይህን ታሠሪያለሽ?» ተብላ የተጠየቀች መምህርት የትኛው ጡንቻ እንደሚሳብ፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚታጠፍ መናገር ነበረባት።

አንድ ክፍለ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ልጃገረዶቹ ተራርቀው ይሰለፋሉ። መምህርቷ ፊት ለፊት ትቆማለች። ሙዚቃ የለም፤ የሊንግ ጥብቅ ተከታዮች ሙዚቃን አይወዱትም ነበር፤ ሰውነት የራሱን ጊዜ ትቶ የዜማውን ይከተላል ብለው። ያለው የመምህርቷ ድምፅ ብቻ ነው። «ወደ ቀኝ» ብሎ ጥቂት ቆይቶ «ዙር!» የሚለውን የሰልፍ ትእዛዝ የሚያውቅ ሰው አሠራሩ ቶሎ ይገባዋል። ትእዛዙ ሁለት ቁራጭ ነው። «ክንድ ወደ ላይ» ስትባል ልጅቷ በሐሳቧ ትዘጋጃለች፤ ገና አልተንቀሳቀሰችም። «ዘርጊ!» ሲባል የመላው ክፍል ክንድ በአንዴ ይነሣል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው ዝምታ ራሷ ትምህርት ነበረች፤ ጆሮ፣ አእምሮና ጡንቻ እዚያች ላይ ይገናኛሉ።

ቅደም ተከተሉም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በቀላል ማሟሟቂያ ይጀመራል፣ ጀርባን ወደ ኋላ መለጠጥ ይከተላል፣ ከዚያ መንጠልጠል፣ ሚዛን መጠበቅ፣ የብራኳ፣ የሆድና የጎን ጡንቻዎች በየተራቸው ይሠራሉ፤ ወደ መጨረሻው ዝላይ ይመጣል፣ ልብ ከፍ ሲል ደግሞ በዝግታ በመተንፈስ ይዘጋል። ልብ ምትን ቀስ ብሎ አውጥቶ ቀስ ብሎ ማውረድ መሆኑ ነው። ዛሬ የትኛውም ጂም ብትገቡ አሠልጣኙ የሚነግራችሁ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለ ሰውነት አቋም ይህን ያህል ለምን ተጨነቁ?

የዘመኑን ልጃገረድ ማየት ያስፈልጋል። ጠዋት ዴስክ ላይ ጎብጣ ትጽፋለች፣ ከሰዓት መርፌ ይዛ ትሰፋለች። ትንሽ ከፍ ስትል ወገቧ ላይ ኮርሴት ይታሠራል። ኮርሴት በዓሣ ነባሪ አፍ ዘንግ ወይም በብረት የተወጠረ፣ ከኋላ በገመድ የሚጠበቅ ልብስ ነው። ወገብን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ችግሩም ይኸው ነው። የጀርባንና የሆድን ጡንቻ ሥራ ኮርሴቱ ሲወስድ ጡንቻው ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሟሽሻል። የታችኛው የጎድን አጥንት ስለታሠረ አየር የሚገባው በላይኛው ደረት ብቻ ነው። ሴቶች «በተፈጥሯቸው» ቶሎ ይደክማሉ፣ ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ ይባል ነበር። ከተፈጥሮ ይልቅ ገመዱ ላይ ቢያላክኩ ይሻል ነበር።

ማርቲና ጂም ውስጥ ለኮርሴት ቦታ አልነበራትም። ኮርሴቱ ይይዘው የነበረውን ሰውነት ጡንቻ እንዲይዘው ማድረግ ነበር ግቧ።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር። የዘመኑ ሰዎች አቋምን ከጤና አሳልፈው የሥነ ምግባር መለኪያ አድርገውት ነበር፤ የጎበጠች ልጅ ሰነፍ፣ ቀጥ ያለች ልጅ ጨዋ። ይህ ትርፍ ነው። የዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ትክክለኛ አቋም አለ ከማለት ይልቅ በአንድ አቋም ብዙ ሰዓት አለመቆየት ይበልጣል ወደሚለው ያዘነብላሉ።

አንድ እንቅስቃሴ በምሳሌ ማሳየት ይቻላል?

በጣም የታወቀው ግድግዳ ላይ የሚሠራው የጀርባ መለጠጥ ነው። በስዊድን አዳራሾች ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ላይ አግዳሚ እንጨቶች የተደረደሩበት መሰላል ይተከላል። ልጅቷ ጀርባዋን ለመሰላሉ ሰጥታ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ትቆማለች። ክንዶቿን በጆሮዎቿ አጠገብ ወደ ላይ ዘርግታ ወደ ኋላ በመለጠጥ አንዱን እንጨት ትይዛለች። አሁን እንደ ደጋን ናት። ቁም ነገሩ ደጋኑ የት ላይ እንደሚታጠፍ ነው። ሰነፍ ሰውነት ቀላሉን መንገድ ይመርጥና ወገብ ላይ ይሰበራል። መምህርቷ የምትፈልገው ከብራኳ መካከል፣ ከላይኛው አከርካሪ እንዲታጠፍ ነው፤ በዴስክ የጎበጠው እሱ ነውና። ስለዚህ አገጭ ሳይንጋጠጥ፣ ሆድ ሳይለቀቅ፣ ደረት ወደ ላይ። ጥሩ ረዳት ከጎን ቆማ አንድ እጇን ከብራኳው ሥር ታደርጋለች።

መሰላል ከሌላችሁ ለስለስ ያለው ቅጂ ይኸውላችሁ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ ተረከዝ ከግድግዳው አንድ ጫማ ያህል ይራቅ። ጭንቅላት፣ ብራኳና ዳሌ ግድግዳውን ይንኩ። ክንዳችሁን ወደ ላይ ስታነሡ ወገባችሁ ከግድግዳው የሚሸሽ ከሆነ እዚያ ላይ አቁሙ። ትከሻችሁ የሚፈቅድላችሁ እስከዚያ ድረስ ነው። የወገብ ወይም የትከሻ ሕመም ያለበት ሰው ከጽሑፍ ሳይሆን ከባለሙያ ይማር።

ኮሌጁስ እንዴት ተጀመረ?

ማርቲና የቦርዱን ሥራ ሳትለቅ በ1885 ሃምፕስቴድ ውስጥ፣ ሰሜን ለንደን፣ በጣት ለሚቆጠሩ ተማሪዎች የግል ኮሌጅ ከፈተች። ሴቶችን ለሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት የሚያዘጋጅ የሙሉ ጊዜ ኮሌጅ በእንግሊዝ አገር ከዚያ በፊት አልነበረም። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ጠዋት በጂም ልብስ የዘለለች ልጅ ትንሽ ቆይታ የአጽም ሥዕል ፊት ትቀመጣለች፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ የጤና አጠባበቅ፣ የእንቅስቃሴ ሕግጋት፣ በእሽትና በእንቅስቃሴ ማከም፣ ዳንስ፣ የቡድን ጨዋታዎች። ከዚያ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች እየሄደች በእውነተኛ ልጆች ላይ ማስተማር ትለማመዳለች።

በ1895 ኮሌጁ ጠበበና ኬንት ውስጥ ዳርትፎርድ አጠገብ ወደሚገኝ ኪንግስፊልድ ወደተባለ ግቢ ተዛወረ። ሰፊ መስክ ነበረው፤ ሆኪ፣ ክሪኬትና ላክሮስ የሚጫወቱበት። በንጹሕ የስዊድን ዘዴ ያደገች ሴት የእንግሊዝን የኳስ ጨዋታ መቀበሏ ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ልጃገረዶቹ በጨዋታ ሲፈቱ ዓይታለች። እንግሊዛውያን ወላጆች ለጨዋታ ያላቸውን ፍቅር ደግሞ በሚገባ ታውቅ ነበር፤ ገበያዋን የምታውቅ ሴት ነበረች።

በድሃ ልጆች ጀምራ ለምን ወደ ባለጸጋ ልጆች ዞረች?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አለ። እውነት አላቸው። ማርቲና በ1880ዎቹ መጨረሻ የለንደንን ቦርድ ተወች። የሰጠችው ምክንያት ጨካኝም እውነትም ይመስላል። የሠራተኛው መደብ ልጆች የሚኖሩበት ሁኔታ፣ ረሀቡና መጨናነቁ ሳይለወጥ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ክንድ ማንሣት ሰውነታቸውን አይቀይረውም የሚል ነበር። ስለዚህ ፊቷን ክፍያውን መቻል ወደሚችሉ ቤተሰቦች ሴት ልጆች አዞረች። ወደ ኮሌጇ የሚገቡት የተማሩ፣ ጤነኞችና ውድ ክፍያ የሚችሉ ነበሩ።

እኔ ግን ትልቁ ሥራዋ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ጂምናስቲኩን ሊንግ ፈጥሮታል፤ ማርቲና የፈጠረችው ሥራ ነው፤ ደመወዝ ያለው፣ ዲፕሎማ የሚጠይቅ፣ ወንድ የማይወዳደርበት ሙያ። በዚያው ዘመን የግል የሴት ትምህርት ቤቶች እየበዙ ነበርና ከዳርትፎርድ የምትወጣውን መምህርት ሥራ ይጠብቃት ነበር። የሰው ቤት አስተማሪ የነበረችው ወጣት ያጣችውን በር ለሌሎች ከፈተች። ደሃዎቹን ትታ ነው ወይ የከፈተችው? አዎ፣ ትታ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው።

መዘዙ ግን ዞሮ ወደ ደሃው ልጅ ተመልሷል። ከ1899 እስከ 1902 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተደረገው የቦር ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ከተመዘገቡት ብዙዎቹ በጤና ጉድለት መመለሳቸው እንግሊዝን አስደነገጠ። በ1909 የአገሪቱ የትምህርት ቦርድ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያወጣው የሰውነት ማጎልመሻ መርሐ ትምህርት በስዊድን ዘዴ ላይ የቆመ ነበር።

ጂምስሊፕ የሚባለውን ቀሚስ የሠራችው እሷ ናት?

እሷ ሳትሆን ተማሪዋ ናት። በ1890ዎቹ ሜሪ ቴይት የተባለች የኮሌጁ ተማሪ እንደቀየሰችው ይነገራል። ከዚያ በፊት ልጃገረዶች ረጅም ቀሚስ ለብሰው ነው የሚዘሉት፤ ዝላዩን ተዉት፣ መሮጡ ራሱ ፈተና ነው። ጂምስሊፕ እጅጌ የለውም፣ ከትከሻ ይንጠለጠላል፣ ከደረት በታች ሰፋፊ ሽንሽን ይወርዳል፣ ወገብ ላይ በመቀነት ላላ ተደርጎ ይታሠራል። ሽንሽኑ ጭን ሲነሣ ይከፈታል፣ ሲወርድ ይዘጋል። ወገቡ ጠብቦ የተሰፋ አይደለም፤ ስለዚህ ኮርሴት የሚያሳየው ነገር አጣ።

በኋላ በመላው እንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ የሴት ተማሪዎች የደንብ ልብስ ሆነ። ነፃ ለመውጣት የተሰፋ ልብስ የዲሲፕሊን ምልክት ሆኖ ማረፉ ሁሌም ያስቀኛል።

ኔትቦልስ?

ኔትቦል እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ነው ያደገው፤ ዘሩ ግን አሜሪካዊ ነው። ጀምስ ኔይስሚዝ በ1891 ማሳቹሴትስ ውስጥ ቅርጫት ኳስን ፈጠረ። በ1893 አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ወደ ኮሌጁ መጥቶ ጨዋታውን ለማርቲና ተማሪዎች አሳየ። ሜዳው አዳራሽ፣ ቅርጫቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የወረቀት መጣያ ነበር። ዳርትፎርድ ሲገቡ ሜዳ ላይ ወጡ። መስክ ላይ ኳስ ማንጠር አይመችም፤ ኳሱ በእጅ መቀባበል ሆነ። ውሎ አድሮ ቅርጫቱ በቀለበት ተተካ፣ ሜዳው በሦስት ተከፈለ፣ ተጫዋቾች ከክልላቸው እንዳይወጡ ተደረገ። ደንቡ በ1901 ታተመ። ከኮሌጁ የወጡ መምህራን በየተመደቡበት ይዘውት ሄዱ፤ ዛሬ የጨዋታው ኃያላን ከሚባሉት መካከል አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ጃማይካ አሉ።

ባሕርይዋ እንዴት ነበር?

ተማሪዎቿ «ማዳም» ነበር የሚሏት፤ በፍቅር ብቻ ሳይሆን በፍርሃትም። ቃሏ አይመለስም። ደረጃውን አትመጥንም ያለቻትን ተማሪ ከማሰናበት ወደ ኋላ አትልም ነበር። ንብረቱም፣ ዲፕሎማውም፣ ደንቡም የራሷ ነው፤ የሚጠይቃት የቦርድ ሰብሳቢ የለም። እኔ ከተማሪዎቿ አንዷ ብሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ሳምንት የምጨርስ አይመስለኝም።

ለሴቶች መብት ትታገል ነበር?

አዎ። የሴቶችን የመምረጥ መብት ትደግፍ ነበር፣ ለስዊድን የሴቶች እንቅስቃሴም ገንዘቧን ሰጥታለች። ለእሷ ኢኮኖሚያዊ ነፃነት ከምርጫ ካርድ የሚያንስ አልነበረም፤ ሕይወቷም ያንን ይመሰክራል።

ነገር ግን ማስዋብ አልፈልግም። በንግግሮቿ ውስጥ ጤናማ ሴት ጤናማ ዘር ታፈራለች፣ ሴት ካልጠነከረች ዘር አይራመድም የሚለው ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣል። ይህ የዘመኑ ቋንቋ ነው፤ ያው ቋንቋ ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ በሌሎች፣ በተለይ በናዚዎች፣ እጅ ምን እንደተሠራበት እናውቃለን። እሷ ያንን ሠራች ማለት አይደለም። የሴትን ጥንካሬ ስታስረዳ ግን ብዙ ጊዜ ከራሷ ከሴቲቱ ይልቅ የምትወልደውን ልጅ ታስቀድም ነበር።

ባል ነበራት?

በ1886 ኤድቪን ኦስተርበርግ የተባለ ስዊድናዊ ምሁር አገባች። እሱ ስዊድን ኖረ፣ እሷ እንግሊዝ። ሥራዋን አልተወችም፤ የአባቷንም ስም አልጣለችም፣ ከባሏ ስም ጋር አጣምራ ያዘችው። በዚያ ዘመን የተዳረች ሴት ሥራ መልቀቋ እንደ ደንብ ይታይ ነበር።

ከቀድሞ ተማሪዎቿ ጋር ለምን ተጣላች?

በ1899 የቀድሞ ተማሪዎቿ የሙያ ማኅበር አቋቋሙ፤ በሊንግ ስም ሰየሙት። ዓላማው የመምህራኑን ጥቅም ማስከበር፣ የሥልጠና ደረጃ መወሰን ነበር። ማርቲና ደስ ይላታል ብሎ ያሰበ ሰው ተሳስቷል። ከእሷ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ማኅበር ስለ እሷ ሙያ ሊወስን? አልደገፈችውም። ማኅበሩ ግን ኖረ፤ ስሙ እየተቀያየረ እስከ ዛሬው የእንግሊዝ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ማኅበር ድረስ ደርሷል። የኔትቦልን ደንብ ያሳተመውም ያው የሊንግ ማኅበር ነው።

ሌሎቹ ደግሞ የራሳቸውን ኮሌጅ ከፈቱ። ሮዳ አንስቲ በ1897፣ ማርጋሬት ስታንስፌልድ በ1903 በቤድፎርድ ከተማ። ሁለቱም የእጇ ፍሬዎች ነበሩ።

ዘዴዋ ዛሬ ይሠራበታል?

እንደ ነበረ አይሠራበትም። በትእዛዝ ሁሉም በአንድ ላይ መንቀሳቀሱ ልጆችን አደነዘዘ የሚል ትችት ቶሎ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ከዚያው ከሰሜን አውሮፓ። ፊንላንዳዊቷ ኤሊ ብዮርክስተንና ስዊድናዊቷ ኤሊን ፋልክ የደረቀውን አለሰለሱት፤ አንዷ ለሴቶች ዜማና ምት ያለው እንቅስቃሴ አመጣች፣ ሌላዋ ለሕፃናት ጨዋታ የሚመስል። በ1940ዎቹ ደግሞ የዳንስ ሊቁ የሩዶልፍ ላባን ሐሳብ በእንግሊዝ የሴቶች ኮሌጆች ተስፋፋ፤ ልጅቷ ትእዛዝ ከመጠበቅ ይልቅ እንቅስቃሴዋን ራሷ ትፈልግ የሚል ነው። በሙያ የማርቲና የልጅ ልጆች የሆኑ መምህራን የግድግዳውን መሰላል ትተው በዳንስ አዳራሽ ወለል ላይ መንከባለል ጀመሩ። ማዳም ብታይ ምን ትል ነበር?

የሕክምናው ክፍል ግን ሥሩ አልደረቀም። መነሻ አቋም ወስኖ፣ የሚሠራውን ጡንቻ ለይቶ፣ ቀስ በቀስ ማክበድ የትኛውም የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ የምታዩት አሠራር ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ?

እሷን በቀጥታ የሚያገናኝ የለም። የስዊድን የሰውነት እንቅስቃሴ መምህራን ወደ ሌላ አገር እየሄዱ የማስተማር ልማድ ግን እኛም ጋ ደርሷል። ኦኒ ኒስካነን በ1946 ከስዊድን መጥቶ የክብር ዘበኛ ካዴቶችን አሠለጠነ፤ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ አሠልጣኝ እሱ ነበር። የኒስካነን ትውልድና ዘዴ ከማርቲና የተለየ ነው፤ መስኩም የወታደርና የወንዶች።

ትምህርቱን «ሰውነት ማጎልመሻ» ማለታችን ራሱ ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው። «ስፖርት» ብንለው ውድድር ይሆናል። ማጎልመስ ግን ማርቲና ለለንደን መምህራን ለማስረዳት ስትደክምበት የነበረው ነገር ነው። እኛ ተማሪ ሳለን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ ኳስ ይሰጣቸዋል፣ ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሹራብ እንጠብቃለን። ያ ጥላ እስካሁን ያለባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ።

ከእሷ በኋላ ኮሌጁ ምን ሆነ?

ማርቲና በ1915 ሐምሌ መጨረሻ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በዓመቱ፣ አረፈች። ለራሷም ለተማሪዎቿም የመምረጥ መብት ሲመጣ አላየችም። ከመሞቷ በፊት ኮሌጁን ለባለአደራዎች አስረክባ ለአገሪቱ ሰጥታዋለች፤ ማንንም በላይዋ ሳታስቀምጥ ሠላሳ ዓመት የገዛችውን ንብረት። ኮሌጁ በ1970ዎቹ ከአንድ ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋህዶ በ1980ዎቹ ተዘጋ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ግን ማኅበራቸውን አላፈረሱም። ፎቶግራፎቹን፣ ደብተሮቹንና ጂምስሊፖቹን ሰብስበው ያኖሩት እነሱ ናቸው።